ሃምሳ ሦስት ቤት፣ ሃምሳ ሦስት ሰው

ወልደኢየሱስ የአክስቱን ስም የሰማው በመስኮት በኩል ነው። ከፒያሳው ከፍ ብሎ ባለው የጣሊያኖች ቢሮ በረንዳ ላይ ቆሞ ጫማውን በመሐረብ ይወለውል ነበር። ጫማው እንዲህ የዋዛ ጫማ አይደለም፤ ከአስመራ ድረስ በማኪና የመጣ፣ ጎንደር ከተቆረቆረች ወዲህ አቻው ያልታየ፣ ሰው ፊቱን አይቶ ጢሙን ሊላጭበት የሚችል ጫማ ነው። ውስጥ ጸሐፊው ፋንታሁን ከሐማሴን ለመጣው የካሚዮን ሾፌር የዕለቱን ሥራ እያነበበለት በየመሀሉ ያዛጋል። «አበቡ የምትባል አሮጊት፣ ከፊት ሚካኤል በታች» አለ። «ብቸኛ። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፣ ጧሪ የላት። ስድስት ሰዓት ላይ ተጭና ወደ ድኾች መጠለያ ትወሰድ። ቤቱ ወራሽ ስለሌለው ነገ ይፈርሳል፣ መንገዱ በዚያ ያልፋል።» ሾፌሩ ዕቃ አላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ፋንታሁን የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ አየና «ምን ዕቃ ይኖራታል፣ አንዲት ነፍስ ናት» አለ። በረንዳው ላይ መሐረቡ ጫማው ላይ እንዳለ ቀረ። ብቸኛ የምትለዋን ቃል በገዛ እጁ፣ በዚያ ጎንደር ሁሉ በሚቀናበት ቁም ጽሑፍ፣ የጻፈው ወልደኢየሱስ ራሱ ነበር።

ጣሊያን ጎንደር በገባ በአራተኛው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ከባሕር ማዶ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሶሬ መጥቶ ነበር። ቁመቱ በግንቡ በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ መነጽሩ ሁለት የመስኮት መስታወት የሚያህል ሰው ነው። በአገሩ የሚያስተምረው የድኻውን፣ የታመመውን፣ የወላጅ አልባውን ቤት እየዞሩ የሚጎበኙ ሰዎችን ነው አሉ፤ ችግሩን ጠይቀው፣ ጽፈው፣ መድኃኒቱን በመጽሐፍ የሚያገኙ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ጎንደር ሰምታ አታውቅም፤ እዚህ የታመመ ሰው ቤት የሚኬደው በእግር እንጂ በትምህርት አልነበረም። ፕሮፌሶሬው አርባ ሁለት ጥያቄ የታተመበት ወረቀት በጭነት አምጥቶ፣ ጣሊያንኛ ከሚያውቁት የቢሮው አስተርጓሚዎች መካከል ወልደኢየሱስን መረጠና ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተማረው። በር ማንኳኳት ተማረ፤ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት በሚበቃበት አገር እንደ እንጨት ፈላጭ ሲያንኳኳ ሰነበተ። ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን አለማየት ተማረ፣ አለመከራከር ተማረ። የትምህርቱ ሁሉ ራስ ግን አንድ ነበር፦ የነገሩህን ጻፍ፣ ያልነገሩህን ከራስህ አትጨምር። ተማሪው ይህን ከዳዊት አስበልጦ በቃሉ ያዘው።

ከዚያ ወደ ሰፈር ወረዱ። አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄ በሰላም አለፈ። ሦስተኛው «በዚህ ቤት ስንት ነፍስ ይኖራል?» የሚል ነበር። በዚያ ሰፈር ሰው አይቆጠርም። ከብትም ቢሆን በግድ ካልሆነ አይቆጠርም፤ ሰውማ ጭራሽ። የተቆጠረ ይጎድላል፤ እርሳስ ይዞ የሚቆጥር ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ወንዱ እየታፈሰ ለመንገድ ሥራ በሚጫንበት ዘመን፣ ምን እንደሚከተል ማንም መንገር አያስፈልገውም። እና ሰው ሁሉ «እኔ ብቻ» አለ። አንዱ ገበሬ ሁለት ልጅ በሁለት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሦስተኛዋ ጀርባው ላይ ተንጠልጥላ፣ «እኔ ብቻ» አለ። ፕሮፌሶሬው ወደ ልጆቹ እያመለከተ የማን እንደሆኑ ቢያስጠይቅ «የእግዜር» አለው። ተጻፈ። ሃምሳ ሦስት ቤት ተዞረ፣ ሃምሳ ሦስት ሰው ተገኘ። ፕሮፌሶሬው ሁለት ጊዜ ደመረና ከደስታው ብዛት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከፀሐይ በታች ወደር የሌላት፣ የሰው ልጅ በየጎጆው ለየብቻው የሚኖርባት ከተማ አገኘሁ ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውን ለመሸከም አህያ የሚያስፈልግ ይመስል ነበር። የሰው ሁሉ ስም ዝርዝርም፣ ለደንቡ ያህል ፕሮፌሶሬው ፈርሞበት፣ አንድ ቅጂ ወደ ቢሮው ሄደ።

ከሃምሳ ሦስቱ አንዱ የአክስቱ ቤት ነበር። ወልደኢየሱስ እናቱ በሞተችበት ዓመት፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እዚያ ገብቶ እዚያ ነው ያደገው። ጣሊያን ዘንድ ሥራ ከያዘ ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ደጇን አልረገጠም። ተጣልተው አይደለም። እሷ ምንም አላለች፤ እሱም አንድ ነገር እስክትለው ሲጠብቅ ቀኑ ሄደ። ከፕሮፌሶሬው ጋር የገባ ዕለት አክስት የእህቷን ልጅ እንደማታውቅ ሆና «እንደምን አደራችሁ» አለች፣ እሱም እንደማያውቃት ሆኖ እጅ ነሣ። ስንት ነፍስ ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗን ከእርሳሱ ሳትነቅል «እኔ ብቻ» አለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ሰው አነጠሰ፤ ሌላ ሰው «ይማርህ» አለ። ወልደኢየሱስ ጻፈ። ሲጽፍ የደነቀው ማስነጠሱ አልነበረም። እሱን እንኳ አለማንሳቷ ነው። እዚሁ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ፣ እዚሁ ቤት ያደገ ሳለ፣ «እኔ ብቻ።» ያቺ ቃል በልቡ እንደ ጠጠር ተቀምጣ ሰነበተች።

አሁን እንግዲህ ከበረንዳው ወረደና ፒያሳውን እንደ ንፋስ አቋረጠ። ፕሮፌሶሬውን ያገኘው አዲስ በተከፈተው የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ዳቦ በማርማላታ ሲበላ ነው። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረው።

«ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ነበረች» አለ ፕሮፌሶሬው። «አሁን ሰው ተወለደላት?»

«ያን ጊዜም ብቻዋን አልነበረችም።»

«አንተ ጽፈሃል።»

«የነገረችኝን ጻፍሁ። እርስዎ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያ ዋሽታናለች።»

«አልዋሸችም ጌታዬ። ሰው አይቆጠርም፣ ይኸው ነው።»

ፕሮፌሶሬው ማኘኩን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «እንዲያ ከሆነ ሃምሳ ሦስቱም...» አለ። «ሃምሳ ሦስቱም» አለ ወልደኢየሱስ። የሰውየው ፊት ከዳቦው ነጣ፤ ደብዳቤው ምጽዋ ደርሶ መርከብ ላይ ነበር። ነገር ግን ምሁር ምሁር ነውና ድንጋጤው ወዲያው በጉጉት ተተካ። ቦርሳውን ከፍቶ አዲስ ወረቀት አወጣ። የአሮጊቷን ስም በፊርማው እንዳስገባው በፊርማው ሊያወጣው ይችላል፤ ግን በአስተርጓሚ ወሬ ወረቀት አይሰረዝም አለ። አሮጊቷ ቁጥሩን በገዛ አፏ ትናገር፣ እሱም በስድስት ሰዓት ከካሚዮኑ ጋር እኩል ይደርሳል። አንዲት ቁጥር ከአፏ ትውጣ እንጂ ቤቷን የሚነካ የለም። ወልደኢየሱስ ይህን ሲሰማ በልቡ ጨፈረ። አንዲት ቁጥር! እሱ እኮ ሰሜን ተራራን በምላሱ ያዘመመ፣ ሁለት ጄኔራል ሲጣሉ በትርጉም ያስታረቀ ሰው ነው፤ አንዲት አሮጊት አንዲት ቁጥር ማስባል ምን ሊያቅተው።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ጫማው አንገላታው። ደጇ ደርሶ ሊያንኳኳ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። «ቤቶች!» አለ። ውስጥ እንደ ዶሮ ቆጥ አንድ መራወጥ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሲገባ አክስቱ መደቡ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ከሥሩ በትንሹ አሥራ አራት እግር ይታያል። ቤቱ አምስት ክንድ በስድስት ክንድ ቢሆን ነው፤ የሚውጠው ሰው ግን የንጉሥ ግብር አዳራሽ አይችለውም። በግድግዳው ሥር አገኘሁሽ የምትባለው የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ከገበያ ገበያ የምታሳድራቸው ድስቶችና ጀበናዎች ተደርድረዋል። በማእዘኑ ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ መግባት የተዉት ለክብራቸው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዝናብ ሊጠለሉ ገቡ፤ ዝናቡ እስከ ዛሬ አላባራላቸውም።

«ተቀመጥ» አለች አበቡ። ተቀመጠ። እሷ ምስሯን ለቀመች። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ አንድ አዲስ ወጋግራ ገብቷል። «ጨው ተወደደ ይላሉ» አለ ቢጨንቀው። «ተወደደ» አለች። «በርበሬውስ?» «እሱም።» ከመጋረጃው በስተጀርባ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል በአንድ እጅ አፉን አፈኑት። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ዝምታ እንዲህ በአንድ ቀን አይራገፍም፤ ቤቱን ሞልቶ፣ ድስቶቹ ውስጥ ሁሉ ገብቶ ተቀምጧል። ወልደኢየሱስ ጉሮሮውን ጠራረገና ነገሩን ሳያስጌጥ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳይጨምርበት ነገራት። ካሚዮኑን፣ መጠለያውን፣ ነገ የሚፈርሰውን ቤት። እጇ ምስሩ ላይ አልቆመም።

«ይህ ጫማ ያምራል» አለች። «አይቆረጥምህም?»

«ይቆረጥመኛል።»

«ታዲያ ምነው ታጠልቀዋለህ?»

«አክስቴ፣ ጫማውን ተይው። አንዲት ቁጥር ንገሪው። ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ቁጥር ይሁን ብቻ።»

አበቡ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች። «አንድ ጊዜ ቆጥሬ ነበር» አለች። ድምፅዋ እንደ ጨው ወሬው ነበር፣ አልወረደም አልወጣም። በኅዳሩ በሽታ ዓመት፣ በሽታው ገና ሳይመጣ፣ አንድ ሹም ቤት ለቤት እየዞረ ልጆች ጠየቃት። ሦስት አለች፣ ጣቷን እያጠፈች፣ እየኮራች። ሳምንት ሳይሞላ በሽታው ደረሰና ያጠፈቻቸው ጣቶች ሁሉ ተዘረጉ። «አንተን አልቆጠርሁህም» አለች። «የእህቴ ልጅ ነህና ከሦስቱ አላስገባሁህም። ይኸው፣ አለህ። ጫማ ታጠልቃለህ። ያን ቀን ከነጩ ሰውዬ ጋር ስትመጣስ አንተን ብዬ አፌን ልክፈት? የቀረኸኝን አንድህን ደግሞ ልቁጠርህ?» ወልደኢየሱስ ሰፌዱን ወደ ሁለታቸው መሀል ሳበ። ያ ሁለት ጄኔራል ያስታረቀ ምላስ ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥር አላነሳም፤ ሁለቱም ምስር ሲለቅሙ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ካሚዮኑ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ተናወጠ፤ ጭሱ ፊት ሚካኤልን ሸፍኖ ቄሶቹ የመሸ መስሏቸዋል ይባላል። ፋንታሁን ከፊት ወረደ፣ ወረቀቱን ዘረጋ። ፕሮፌሶሬው ከኋላ ወረደ፣ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ለወልደኢየሱስ አስያዘና እርሳሱን አሾለ። «እመቤት» አለ፣ «በዚህ ቤት ስንት ነፍስ ይኖራል?» ወልደኢየሱስ ተረጎመ። አበቡ ደጇ ላይ ቆማ ፕሮፌሶሬውን አየች፣ እርሳሱን አየች፣ ካሚዮኑን አየች። ነጠላዋን አደግድጋ «ከመቁጠርስ መጫኑ ይሻለኛል» አለችና ወደ ካሚዮኑ ሄደች። ሾፌሩ ክንዷን ይዞ አወጣት። ከጎኑ በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ የሰርግ በቅሎ ላይ የተቀመጠች ይመስል። ወልደኢየሱስ «ጌታዬ፣ ይተዉልኝ» አለ። ፕሮፌሶሬው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ያልተነገረውን አይጽፍም፤ ትምህርቱ ነው።

ያን ጊዜ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በመቋሚያቸው እየፈለጉ ከቤት ወጡ። «ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም አባ» አለ ፋንታሁን። «የተጠራችው እሷ ብቻ ናት።»

«እሱማ አወቅሁ። ለኔ የሚያስፈልገኝ ወዴት እንደሆነ ነው፤ ማኅሌቱን ለሌላ ሰው ላስረክብ ወይስ ማታ እንመለሳለን?» እያሉ ካሚዮኑን በእጃቸው ዳስሰው ወጡና ከአበቡ ጎን ተቀመጡ። ቀጥላ ይመኙሽ ወጣች፤ ባሏ ያባረራት፣ አንድ መንታ በጀርባ፣ አንድ መንታ በእቅፍ ያደረገች ልጅ እግር ሴት። «አንዱን ያዙልኝማ» ብላ ለፋንታሁን አሸከመችው፣ ወጣች፣ ተቀበለችው። ሦስት ኮረዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ ማን እንዳመጣቸው፣ መቼ እንደመጡ ተጠይቆ አያውቅም። አያ አድማሴ ወጡ፤ ድሮ አጋሰስ ነጂ ነበሩ፣ ሳላቸው ከደባርቅ ይሰማል፤ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብለው «ለመንገድ ሥራ ነው? ትከሻዬን ነው የሚያመኝ፣ አስቀድሜ ልንገርህ» አሉት። ሾፌሩ ለድኾች መጠለያ ነው ሲላቸው «እሱስ ሸጋ ነው» ብለው ወጡ። አገኘሁሽ ከወለቃ ድስቷን ልትወስድ መጥታ ግርግሩን ደጅ ላይ አገኘችው። የማንም ክርስቲያን ቤት ገብታ ውኃ ጠጥታ አታውቅም፤ እዚህ ቤት ግን ድስቶቿ ቆመው ያድራሉ። «እሷ ከሄደች ድስቴን ማን ይጠብቅልኛል?» አለችና ሸክላዎቿን አንድ በአንድ ወደ ካሚዮኑ አቀበለች፤ ራሷም ማንንም ሳትነካ አንዱን ማእዘን ያዘች።

ጎረቤት ደግሞ በየበሩ ቆሞ ያያል። ያ ልጆቹን የእግዜር ናቸው ያለው ገበሬ ሦስቱን አንጠልጥሎ መጣ፤ «ሚስቴ ስትወልድ እሷ ናት ያዋለደቻት» አለና ሁሉንም ጫናቸው። ከዚያ ወዲያ ማን መልስ ጠየቀ። ያ ሃምሳ ሦስት ብቸኛ ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንደ ጥምቀት ጎርፎ ወጣ፤ እኔም የሷ ነኝ፣ እኔም የሷ ነኝ፣ ያጠባችኝ ናት፣ ያስታረቀችኝ ናት፣ የእናቴን አስከሬን ያጠበች ናት። ካሚዮኑ አንድ ስንዝር ወደ መሬት ወረደ። ሾፌሩ ጎማውን እያየ በትግርኛ ማርያምን ጠራ። ፋንታሁን በመጠለያው ያሉት አልጋዎች አሥራ አንድ መሆናቸውን እየጮኸ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያስረዳል። ፕሮፌሶሬው ከወንበሩ ተነሥቶ እርሳሱን በየራሱ ላይ እያመለከተ ይቆጥር ጀመር፤ ሃያ ላይ ሲደርስ አንዱ ልጅ ይወርዳል፣ ሁለት ይወጣሉ፣ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ላቡ በመነጽሩ ላይ ወረደ። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠፋበት።

በመጨረሻው እርሳሱን አወረደና ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «እኒህ ሁሉ ለእሷ ምኗ ናቸው?» አለ። «ከእሷ የሆነ ሰው የቀረ አለ?»

ወልደኢየሱስ የፕሮፌሶሬውን ቦርሳ ታቅፎ መሬት ላይ ቆሟል። ይህን ጥያቄ መተርጎም አልቻለም። ቀና ሲል አክስቱ ከላይ ታየዋለች፤ ሌላው ሁሉ ስለ መቀመጫ ሲጣላ እሷ ዝም ብላ እሱን ታያለች። ቢሮው በረንዳ ላይ ነገ ምን እንደሚሉት አሰበ፤ ሥራውን አሰበ፤ ከዚያ ማሰቡን ተወና ቦርሳውን ለፋንታሁን አስያዘው።

«ወልዴ» አለች አበቡ፣ «ያን ጫማህን አውልቀህ ውጣ፤ የሰው ልብስ አለ።»

አወለቀ። ያ አቻ የሌለው ጫማ ደጁ ላይ ጎን ለጎን ቀረ፣ እሱ በካልሲው የካሚዮኑን ጎን ረግጦ ወጣ። ቦታ አልነበረም። አበቡ መሪጌታን በክርኗ ገፋ አደረገች፣ መሪጌታ ይመኙሽን፣ ይመኙሽ ኮረዶቹን፣ ግፊያው እስከ አገኘሁሽ ድስት ድረስ ተዳረሰና አንድ ሰው የሚቀመጥባት ጠባብ ስንጥቅ ተከፈተች። ገባባት። እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም፣ አንዱ መንታ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ክራቫቱን ይጠባል።

ፕሮፌሶሬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የፋንታሁንን ዝርዝር ተቀብሎ ስሟን በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘ፣ ፈረመ። በሦስተኛው ጥያቄ ፊት ግን እርሳሱ ቆመ፤ ባዶ ሊተወው አይችልም፣ ዩኒቨርሲቲው ይጠይቃል። አንገቱን አቅንቶ በዚያች ባለችው አማርኛ «ስንት... ልጻፍ?» አለ። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ናቸው፣ ግራና ቀኛቸውን በክርናቸው ዳስሰው፣ «ሞልቷል ብለህ ጻፍ» ያሉት። ጻፈ። ከዚያ በቀሩት ሃምሳ ሁለት ቤቶች ወረቀቶች ላይ ተራ በተራ «እኔ ብቻ» የሚለውን እየሰረዘ ይህንኑ ሲጽፍ፣ ሾፌሩ የተጫኑት ሰዎች እንዲወርዱ ለመነ።

የሚወርድ አልተገኘም። ልጆቹ ሁለት እጃቸውን ከሳንቃው ላይ አጣብቀዋል፤ አያ አድማሴም አንዴ በማኪና ከተቀመጡ ወዲያ ሳይሄዱ መውረድ ነውር ነው አሉ። ሾፌሩ ፕሮፌሶሬውን አየ፣ ፕሮፌሶሬው ትከሻውን ሰበቀ። ሾፌሩ ፒያሳውን አንዴ አዙሮ ሊመልሳቸው ሞተሩን አስነሣ፤ ፋንታሁን በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው ወረቀት ይዞ ከኋላ ሮጠ። ካሚዮኑ እያቃሰተ ዳገቱን ወጥቶ ፒያሳውን ሲዞር የቢሮው ሰዎች ሁሉ በረንዳ ላይ ወጡ። ወልደኢየሱስ አንገቱን ቀብሮ ነበር። አክስቱ አገጩን በጣቷ ቀና አደረገችለትና «ምሳ ሳትበላ ወዴትም እንዳትሄድ» አለችው፤ ምስሩ ገና አልተጣደም።